ደረሰኝ የማይቆረጥለት ዕውቀት

የታሪክ፣ የሥነ ጽሑፍና የፍልስፍና ምርምር ወጪ የለውም ሲባል እንሰማለን። ቤተ ሙከራ አይሻም፣ ኬሚካል አይገዛም፤ ብዕርና ወረቀት ይበቃዋል ይባላል። ይህን የሚሉ ሰዎች ዋናውን ወጪ፣ ጊዜን፣ ረስተውታል። የዶክትሬት ማዕርጉን ትናንት የተቀበለ የካይሮ ወይም የአማን ወጣት ቋሚ ሥራ እስኪያገኝ ድረስ ከኮሌጅ ኮሌጅ እየዞረ በሰዓት ክፍያ ያስተምራል። የጀመረው መጽሐፍ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል።

መቀመጫውን ቤይሩት ያደረገው የዐረብ ማኅበራዊ ሳይንስ ምክር ቤት ለጀማሪ ተመራማሪዎች የሚሰጠውን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተው የዐረብ የኪነ ጥበብና የባህል ፈንድም በበኩሉ ለባህል ሥራ የሚለግሰውን ድጎማ የማከብረው ስለዚህ ነው። ትንሽ ነው ብለው የሚያጣጥሉት አሉ። እኔ ግን በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ገንዘብን በቁጥሩ ብቻ አልመዝነውም። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የግብፅ ፓውንድ ሲወርድ አንድ ዶላር ከ31 ፓውንድ ገደማ ተነሥቶ ወደ 50 ተጠጋ፤ በፓውንድ ደመወዝ ለሚተዳደር መምህር የውጭ መጽሐፍም የውጭ ጉዞም በአንድ ጀንበር ራቀው። በሊባኖስ የባሰ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2019 መገባደጃ ጀምሮ ባንኮች የአስቀማጮቻቸውን ዶላር ይዘው ቀሩ፤ እንደ ልብ በእጅ የሚወጣው ከውጭ አዲስ የገባው ብቻ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከውጭ የመጣ ጥቂት ዶላር የአባትን የዕድሜ ልክ ቁጠባ ይበልጣል። (መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ለደንበኛው "የለም" የሚለውን የሙያ ወንድሜን ሳስብ አዝናለሁ።)

በሞሪታንያ በረሃ፣ በሺንጊጢ ከተማ፣ ጥንታውያን የእጅ ጽሑፎች ዛሬም በየቤተሰቡ እጅ ይገኛሉ። እነርሱን አይቶ ለመመዝገብ የመኪና ኪራይ፣ አንድ ካሜራና የሁለት ወር ቀለብ ይበቃል። አሸዋውና ምስጡ ግን ትልቅ በጀት እስኪጸድቅ አይታገሡም። የሞሱል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከተማይቱ ከ2014 እስከ 2017 በአይሲስ እጅ በነበረችበት ዘመን ወድሟል፤ አስቀድሞ ያልተገለበጠው አብሮ ጠፋ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ፍትሐ ነገሥታችን ግብፃዊው ቅብጥ ኢብን አል-ዐሳል በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ ካዘጋጀው መጽሐፍ የተመለሰ ነው። የዐረብኛውን ቅጂዎች እያስተያየ የሚያነብ አንድ የካይሮ ወጣት የእኛንም ግእዝ ያበራልናል።

በየትም አገር ከለጋሾች ጋር የማልስማማው በአሰጣጡ ላይ ነው። በግብፅ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ለማንበብ የጸጥታ ክፍል ማጣሪያ ማለፍ ያስፈልጋል፤ ወራትም ይፈጃል። የአንድ ዓመት ድጎማ ያገኘ ሰው እኩሌታውን ደጅ ሲጠና ቆይቶ ሪፖርት አምጣ ይባላል። ጊዜው ሊራዘምለት ይገባል። ገንዘቡም እኩሌታው አስቀድሞ ይሰጠው፤ "ከራስህ አውጣ፣ ኋላ እንተካልሃለን" ማለት ለድኻ ልጅ "አትምጣ" ማለት ነው። ደረሰኝንም በሚመለከት፣ እኔ ራሴ ደረሰኝ ስመረምር የምውል ሰው ነኝና ጥቅሙን አላጣሁትም። ነገር ግን የመጻሕፍቱ ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ ሳጥናቸውን እስኪከፍቱ ድረስ ሦስት ቀን ሙሉ አብሮ ሻይ መጠጣትም ምርምር ነው። ለዚያ ሻይ ደረሰኝ ከየት ይምጣ?