ማንም ሳያነበው ስለሚላክ የንግድ ደብዳቤ

ንግድ በእምነት የሚካሄድ ሥራ መሆኑ የታወቀ ነው። እምነትም በአብዛኛው የሚጸናው በጽሑፍ በሰፈረ ቃል ነው። በቀድሞው ጊዜ ለደንበኛ የሚላከውን ደብዳቤ ጸሐፊው ይጽፈዋል፤ ባለቤቱም አንብቦ ይፈርምበታል። የታተመ የደረሰኝ ጥራዝ ከመጣም በኋላ ቢሆን፣ ባዶውን መስመር የሚሞላው እጅ ዐይንም ነበረው። ስለዚህ ዋጋ ያልተጻፈበት ደረሰኝ ከመደብሩ የሚወጣው እምብዛም አልነበረም።

ዛሬ ግን በኢንተርኔት የሚሸጡ ድርጅቶች ይህን ሥራ ለፕሮግራም ሰጥተውታል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። የማይለወጠው ቃል፣ የድርጅቱ ዓርማና የሠንጠረዡ መልክ ቴምፕሌት በሚባል ቅጽ አስቀድሞ ይሰናዳል፤ የደንበኛው ስም፣ የዕቃው ዓይነት፣ ብዛቱና ዋጋው የሚገቡባቸው ቦታዎች ባዶ ይተዋሉ። ትእዛዝ በደረሰ ጊዜ ፕሮግራሙ ከመዝገቡ ወስዶ ባዶውን ይሞላል፤ ድረ ገጾች በሚሠሩበት ኤችቲኤምኤል በሚባለው ቋንቋ የተዘጋጀውንም ደብዳቤ በኢሜይል ይልካል። አንድ ደብዳቤ ይጻፍ በነበረበት ጊዜ ሺህ ደብዳቤ ይወጣል። ጥቅሙ የማይካድ ነው። ነገር ግን ቅጹ እንከን ያለበት እንደ ሆነ፣ ስሕተቱም አብሮ ሺህ ይሆናል።

በመሆኑም ቅጹን ማሰናዳት የኮምፒዩተር ባለሙያው ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው አይገባም። ባለሙያው የፕሮግራሙን አካሄድ ያውቃል፤ የሻጩን ግዴታና የገዢውን ጠባይ የሚያውቀው ግን ነጋዴው ነው። በደብዳቤው የተጻፈው ዋጋና ቀን የሚያስጠይቀውም ነጋዴውን እንጂ ፕሮግራሙን አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት፣ በመዝገቡ አንድ ነገር የጎደለ እንደ ሆነ ፕሮግራሙ ምን ያድርግ የሚለው ነው። ጃንጎና ጂንጃ የሚባሉት ታዋቂ የቅጽ መሙያዎች፣ ሌላ ካልታዘዙ በቀር፣ የጎደለውን ቦታ ባዶ አድርገው ያልፉታል። «ጠቅላላ ዋጋ ብር» ተብሎ ቁጥሩ የሌለበት ደብዳቤ ለደንበኛ የሚደርሰው ከዚህ የተነሣ ነው። ጂንጃ በጥብቅ እንዲሠራ ከታዘዘ ግን ሥራውን አቁሞ ጉድለቱን ይናገራል። ደብዳቤ ከሚዘገይ ጎድሎም ቢሆን ይሂድ የሚሉ ይኖራሉ፤ ማረጋገጫ ያልደረሰው ገዢ እንደሚሰጋም እውነት ነው። ይሁን እንጂ የዘገየ ደብዳቤ በአንድ የስልክ ጥሪ ይካካሳል፤ ዋጋ ወይም የባንክ ሒሳብ ቁጥር የጎደለው ደብዳቤ ግን ክርክር ያመጣል። የሚሻለው ፕሮግራሙ ቆሞ የመደብሩን ሠራተኛ እንዲጠራ ማድረግ ነው።

በውጭ አገር የተሰናዳ ቅጽ እንዳለ ተተርጉሞ ሲሠራበት ደግሞ ሌላ ችግር ይከተላል። የአውሮፓና የአሜሪካ ቅጽ ሰውን በመጨረሻ ስሙ ይጠራል፤ በኢትዮጵያ ግን የመጨረሻው ስም የአባት ወይም የአያት ነው። ስለዚህ አንዲት ወይዘሮ በአባታቸው ስም እየተጠሩ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። «ያዘዙት ዕቃ ተልኳል» የሚለው የአክብሮት አነጋገር ለወንድም ለሴትም ስለሚያገለግል፣ ፕሮግራሙ ጾታ ከመገመት ይድናል፤ የደንበኛውም ክብር ይጠበቃል።

ቀንም እንዲሁ ነው። «03/04/2017» ተብሎ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ለእንግሊዝ አገር ላኪ ግን ኤፕሪል 3፣ ለአሜሪካዊው ደግሞ ማርች 4 ይመስለዋል፤ ዓመቱንም ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ያነቡታል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ የሚወሰን በመሆኑ፣ የቀረበው ዋጋ እስከ መቼ እንደሚጸና የሚናገረው መስመር ለአስመጪው ከዋጋው የማያንስ ቁም ነገር ነው። የወሩ ስም በፊደል ይጻፍ፤ አቆጣጠሩም የየትኛው መሆኑ ይገለጽ።

ከዚህም በቀር ገዢው በስም መጻፊያው ላይ ያስገባው ሁሉ ሳይጣራ ወደ ደብዳቤው እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንድ ተንኮለኛ የሌላ ሰው የኢሜይል አድራሻ ሰጥቶ፣ በስሙ ፈንታ የኤችቲኤምኤል ትእዛዝ ቢጽፍ፣ ወደ ሐሰተኛ የመክፈያ ገጽ የሚመራ ሊንክ በድርጅቱ ዓርማ ሥር ተጽፎ ሊወጣ ይችላል። መድኃኒቱ የገባው ምልክት እንደ ትእዛዝ ሳይሆን እንደ ተራ ፊደል እንዲቆጠር ማድረግ ነው። ጃንጎ ይህን ጥንቃቄ በራሱ ያደርጋል፤ ጂንጃ ግን ለብቻው ሲሠራ ካልታዘዘ አያደርግም። ነጋዴው ባለሙያውን ይህን አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ አይጎዳም።

በመጨረሻም ደብዳቤው የሚነበብ መሆን አለበት። ብዙ የኢሜይል ማንበቢያዎች ተቀባዩ ካልፈቀደ ሥዕል አያሳዩም፤ ስለዚህ ዋጋና የሒሳብ ቁጥር በሥዕል ተሠርቶ መላክ የለበትም። ክላሲክ የሚባለው የዊንዶውስ አውትሉክ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደብዳቤን የሚያሳየው በዎርድ ስልት በመሆኑ፣ በሌላ ዘንድ ያማረው መልክ በዚያ ሊፈርስ ይችላል። ከጌጠኛው ደብዳቤ ጋር ጌጥ የሌለው ተራ ጽሑፍ አብሮ እንዲላክ የኢንተርኔት የደብዳቤ ደንብ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ፈቀደ፣ በዚህ መጠቀም ብልህነት ነው።

ይህ ሁሉ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። አዲስ ቅጽ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሦስት የሙከራ ደብዳቤዎች ለባለቤቱ ይላኩለት፤ አንዱ ሁሉ የተሟላለት፣ አንዱ ዋጋው የጎደለ፣ አንዱም በስሙ ቦታ እንግዳ ምልክት የገባበት ይሁን። ባለቤቱ በስልኩም በኮምፒዩተሩም ከፍቶ ያንብባቸው። ሺህ ጊዜ ለሚላክ ቃል አንድ ጊዜ ዐይን መስጠት፣ ከቀድሞው ፊርማ የቀለለ ድካም ነው።