የወረዳው ደጃፍም የኛ ነው

 

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በየመስጂዱ ግቢ የማይጠፋ ወሬ አለ። አንዱ መታወቂያ ለማሳደስ ስንት ቀን እንደተመላለሰ ያማርራል። ሌላው ስኳርና ዘይቱ ለማን እንደታደለ ሳይታወቅ «አለቀ» መባሉን ያወራል። እናቶች ስለማይነሳው የቆሻሻ ገንዳ፣ ወጣቶች ስለ መሥሪያ ቦታ፣ ሽማግሌዎች ስለ መቃብሩ አጥር ይነጋገራሉ። ወሬው ሲያበቃ ሁላችንም «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ አላህ ያምጣው» ተባብለን እንለያያለን። በቀጣዩ ጁሙዓም ያንኑ እንደግማለን።

ዱዓን የሚያቃልል ሙእሚን የለም። ነገር ግን ግመልን አስሮ በአላህ መመካትን እንጂ ፈትቶ ለቆ መመካትን አልተማርንም። እኛ ደግሞ የወረዳና የቀበሌን ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ፈትተን ለቀነዋል።

ጥያቄያችንን ማሰማት ከጀመርን ወዲህ ዓይናችን ያረፈው ወደ ላይ ነው። ሚኒስትሩ ምን አለ፣ ቴሌቪዥኑ ምን አወራ እያልን ከረምን። መስከረም 27 ቀን 2005 የመጅሊስ ምርጫ ሲካሄድ ግን አንድ ነገር ተማርን። ምርጫው በመስጂዶቻችን ይሁን ብለን ጠየቅን፤ የተካሄደው በቀበሌ አዳራሾች ሆነ። ቀበሌ መታወቂያ የሚታደስበት ቤት ብቻ አለመሆኑን ብዙዎቻችን የተረዳነው ያን ዕለት ነው። ማን እንደሚመዘገብ፣ ማን እንደሚጠራ፣ ማን እንደሚቆጠር የሚታወቀው እዚያ ነው። እኛ ግን ያ ቤት እንዴት እንደሚሠራ አናውቅም ነበር። ዛሬ የምንጽፈው ስለዚያ ምርጫ አይደለም፤ ስለዚያ ቤት ነው።

ከራሳችን ሰፈር አንድ ምሳሌ እንንገራችሁ። የወረዳውን ስም አንጠራም፤ ዓላማችን ሰው ማዋረድ አይደለምና። ብዙዎቻችሁም የራሳችሁን ወረዳ ታዩበት ይሆናል። በመድረሳችን ፊት ያለው መንገድ ክረምት በመጣ ቁጥር ረግረግ ይሆናል። ቁርኣን ሊቀሩ የሚመጡ ልጆች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነው የሚደርሱት። ጀናዛ የተሸከሙ ወንድሞቻችን በዚያ ጭቃ ላይ ተንሸራተው ሊወድቁ ሲሉ አይተናል። ኮብልስቶን ይነጠፋል ተብሎ ከየቤቱ 300 ብር እንድናዋጣ ተጠየቅን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አዋጣ። ጡረተኛው ከጡረታው፣ እንጀራ ሸጣ የምታድር እናታችን ከዕለት ገቢዋ ቀንሰው ሰጡ። ሁለት ክረምት አለፈ፤ አንድ ድንጋይ አልመጣም።

ታዲያ ምን አደረግን? አማን። «በልተውታል» አልን። በልተውት እንደሆነ ግን አላረጋገጥንም ነበር። ያላረጋገጡትን በሰው ላይ መናገር ቡህታን መሆኑን ለተማሪዎቻችን እያስተማርን፣ እኛው ከመድረሳው በር ላይ ቆመን ቡህታን ስናወራ ከረምን። ሐሜታችን መንገዱን አልሠራም፤ ወንጀል ብቻ ጨመረብን።

በመጨረሻ ሰባት ሰዎች ሆነን አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን፤ አራታችን ሙስሊሞች፣ ሦስቱ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ነበሩ። ደብዳቤው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነበረው። ከስንት ቤት ስንት ብር ተሰበሰበ? ገንዘቡ የት ተቀመጠ? ሥራው መቼ ይጀመራል? ስድብም ክስም አልነበረበትም። በመጀመሪያው ቀን መዝገብ ቤት «ይሄን ዓይነት ደብዳቤ አንቀበልም» ተባልን። በማግስቱ ተመለስን፤ ኃላፊው የሉም ተባለ። በሦስተኛው ቀን ሠራተኛዋ ተቀበለችን፤ በእጃችን ባለው ቅጂ ላይም ቀንና ቁጥር ጽፋ ማህተም አሳረፈችበት። ከአምስት ሳምንት በኋላ ለስብሰባ ተጠራን። ገንዘቡ በባንክ መኖሩ ተነገረን፤ መጠኑ ግን ካዋጡት ቤቶች ብዛት ጋር አልገጠመም። ልዩነቱ እየተጣራ ነው። መንገዱም እስከ ዛሬ አልተነጠፈም።

ስለዚህ ድል አገኘን ብለን አንፎክርም። ሆኖም ሁለት ነገር ተለውጧል። ያዋጡ ቤቶች ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል። ገንዘብ ሊሰበስብ የሚመጣ ሰውም አሁን ደረሰኝ ይዞ ይመጣል። በሐሜት ሁለት ክረምት ያላገኘነውን ማህተም ያረፈበት አንድ ወረቀት በአምስት ሳምንት አስገኘልን።

አሁን ወደ አሠራሩ እንምጣ። ወረዳ ምክር ቤት አለው። የምክር ቤቱን አባላት የሚመርጠው ነዋሪው ነው። በሚያዝያ 2005 በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ድምፅ የተሰጠው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ዕቅድና በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ሲሆን፣ ሥራውን የሚያስፈጽመው በዋና አስተዳዳሪው ወይም በዋና ሥራ አስፈጻሚው የሚመራው ካቢኔ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል። ስለዚህ «ለሰፈራችን ምን ተያዘልን?» ብሎ ለመጠየቅ ጥሩው ጊዜ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ያሉት ወራት ናቸው። መስከረም ላይ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ «በዕቅድ አልተያዘም» የሚል ነው። የወረዳ በጀት አብዛኛው ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ሠራተኞች ደመወዝ የሚውል መሆኑንም እንወቅ። ይህን ያወቀ ሰው የማይቻለውን አይጠይቅም፤ የሚቻለውን ሲከለከልም አይታለልም።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ኃላፊም ሆነ ተመራጭ ተጠያቂ እንደሚሆን ደንግጓል። ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችልም እዚያው ሰፍሯል። አንቀጽ 30 በሰላም ከመሰብሰብ መብት ጋር አቤቱታ የማቅረብን መብት ይሰጣል። አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጠው ያዛል። ከዚህ በተጨማሪ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው አስቀምጧል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። መጻፍ የማይችል ሰው ጥያቄውን በቃል ማቅረብ ይችላል። መልስ ያጣ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይላል። እንባ ጠባቂ አቤቱታ የሚቀበለው ያለ ክፍያ ነው።

«ይህ ሁሉ በወረቀት ነው» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ልክ ናችሁ። አቤት ብለን መልስ ያጣንባቸው፣ ስንጠይቅ «አክራሪ» የተባልንባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን የማይጠየቅ መብት በወረቀት ላይም አይከርምም። ጠይቆ የተከለከለ ሰው የመከልከሉን ማስረጃ ይይዛል። ያልጠየቀ ሰው የሚይዘው እሮሮ ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ፣ መጠየቅ ዓመፅ አለመሆኑን ዲናችን አስተምሮናል። ሹመት አማና ነው። ረሱል (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ኢብኑል ሉትቢያ የተባለውን ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ልከውት ነበር። ሲመለስ ግማሹን ለሕዝብ፣ ግማሹን «ለኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው» ብሎ ለየ። ረሱል ይህን በሹክሹክታ አላለፉትም፤ ሚንበር ላይ ወጥተው፣ ይህ ሰው ከእናት ከአባቱ ቤት ቢቀመጥ ኖሮ ያ ስጦታ ይመጣለት እንደሆነ በሕዝብ ፊት ጠየቁ። ዑመርም (ረዲየላሁ ዐንሁ) ሹመኞችን ከመላካቸው በፊት ንብረታቸውን ይመዘግቡ፣ በሐጅ ወቅትም ሕዝቡ በሹመኞቹ ላይ ያለውን ቅሬታ ይሰሙ እንደነበር የታሪክ መጻሕፍት ያወሳሉ። የኸሊፋ ሹመኛ ከተጠየቀ፣ የኛ ወረዳ ሹመኛ የማይጠየቅበት ምክንያት የለም። ደግሞም መጠየቅ ለእሱም ይበጀዋል። ንጹሕ ከሆነ ስሙ ከሐሜት ይነጻል፤ አጥፍቶ ከሆነም ዕዳው የቂያማ ቀን ከመድረሱ በፊት ይታወቅለታል።

ፍርሃቱን አንክደውም። መታወቂያው፣ የኮታ ዘይቱ፣ የመድረሳው ፈቃድ ሁሉም በአንድ ቤት ውስጥ ናቸው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ሊፈራ ይገባዋል። ስለዚህ ብቻውን አይሂድ። ሰባት ሰው ሲፈርም ጥያቄው የአንድ ሰው ጠብ መሆኑ ይቀራል። የጭቃው መንገድ የክርስቲያኑንም ጫማ ያበላሻልና ከጎረቤቶቻችን ጋር ስንፈርም ደግሞ «የሃይማኖት ጉዳይ ነው» ብሎ ለመግፋት አይመችም። እህቶቻችንና እናቶቻችን ከዚህ እንዳይቀሩ አደራ እንላለን። ስለ ውሃው፣ ስለ ገንዳውና ስለ ሸማቾች ሱቁ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እንግዲህ በየመስጂዱ እንዲሠራ የምንጠይቀው ይህ ነው። አንደኛ፣ የሰፈራችሁን አንድ ጉዳይ ምረጡ፤ አሥር አትምረጡ። ሁለተኛ፣ ቀኑን፣ ቁጥሩንና ቦታውን የያዘ አጭር ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጻፉ። ሦስተኛ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አድርጉት፤ ቅጂያችሁ ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማህተም ሳይኖር አትመለሱ። እምቢ ካሏችሁ የሄዳችሁበትን ቀንና ያነጋገራችሁን ሰው የሥራ ድርሻ ጻፉ። አራተኛ፣ 30 ቀን ቁጠሩ፤ ካለፈ ወደ በላይ ኃላፊው ሂዱ። አምስተኛ፣ የምክር ቤት አባላችሁን አግኙና በስብሰባ ላይ ጉዳዩን እንዲያነሳ ንገሩት፤ ማን እንደሆነ ካላወቃችሁም መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ስድብ፣ ግርግርና ዛቻ ከኛ አይውጣ፤ ሰላማዊነታችን ማንም የማይነጥቀን ሀብታችን ነው።

ሁለት ነገር ግን ከራሳችን ቤት መጀመር አለበት። የመጀመሪያው ጉቦ ነው። «ለሻይ» ብለን የምናቀብላት ብር ተቀባዩን ብቻ ሳይሆን ሰጪውንም ታስጠይቃለች። ዛሬ እኛ በገንዘብ የከፈትነው በር ነገ ገንዘብ በሌላት የቲሞች እናት ላይ ይዘጋል። ሁለተኛው የመስጂዳችን ሒሳብ ነው። ወረዳውን ደረሰኝ የምንጠይቅ እኛ፣ የጁሙዓ መዋጮው ስንት እንደገባና በምን እንደወጣ በመስጂዳችን ሰሌዳ ላይ ለጥፈናል ወይ? በመድረሳችን የመብራትና የምንጣፍ ወጪ የት እንዳለ ወላጆች ሲጠይቁን ፊታችን ይቋጠራል ወይስ መዝገቡን እናወጣለን? ይህን የምንጽፍ እኛም ደብዳቤውን ለወረዳው ካስገባን በኋላ አንድ አባት «የናንተስ መዝገብ?» ብለው ጠየቁን። አፈርን። በዚያው ሳምንት የመድረሳውን ገቢና ወጪ በአንድ ወረቀት ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍን። ከዚያ ወዲህ መዋጮው አልቀነሰም፤ ሐሜቱ ግን ቀነሰ።

ታላላቆቹን ጥያቄዎቻችንን አንረሳቸውም፣ አንተዋቸውም። ነገር ግን ትልቁን መብት ለመጠየቅ ልምዱ የሚገኘው በትንሿ ጥያቄ ነው። የ300 ብር ደረሰኝ ያልጠየቀ ሕዝብ የአገር ሒሳብ ለመጠየቅ አቅሙ ከየት ይመጣለታል? በመጪው ጁሙዓ ግቢው ውስጥ ያ የተለመደ ወሬ ሲጀመር አንድ ሰው እስክሪብቶ ያውጣ፣ አንድ ሰው ወረቀት ያምጣ፤ ሰባት ሰዎችም ይፈርሙ። ሰኞ ጠዋት በወረዳው ደጃፍ ላይ እንገናኝ፣ ኢንሻ አላህ።

አላህ አማናን የምንወጣ፣ አማናንም የምንጠይቅ ያድርገን። አሚን።