የአቢጃታን ውኃ የሚለካ ሰው ይቀጠርልን

ለኢ.ፌ.ዴ.ሪ. ገንዘብ ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ክቡር ሚኒስትር፣

ይህን የምጽፍልዎት ከቡልቡላ ነው። ከደምበል (ከዝዋይ) ሐይቅ የሚወጣው ወንዛችን በእኛ በኩል አልፎ አቢጃታ ይገባል። ከአቢጃታ ወዲያ መውጫ የለም፤ የገባው ውኃ በፀሐይ ይተንና ጨውና ሶዳው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ላይኛው ደምበል ትንሽ ሲጎድል ታችኛው ሐይቅ ብዙ ይሸሻል፣ የተረፈውም ይመርራል።

እኔም ወንዙ ዳር ሞተር ተክዬ ሽንኩርትና ቲማቲም አጠጣለሁ። ደብዳቤዬ ሞተር ይነቀል የሚል አይደለም።

አቢጃታ በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍን ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ዐሥርት ዓመታት ግማሽ ያህሉን አጣ። ድርቁ አለ፣ የመቂና የቀታር ውኃ ደምበል ሳይደርስ መጠለፉ አለ፣ የእኛ ሞተሮች አሉ፣ ከሐይቁ ውኃ እየሳበ ያተንን የነበረው የሶዳ አሽ ፋብሪካም አለ። ጨዋማነቱ ሲያይል ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አለቀ። የአቢጃታ-ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የተከለለው በተለይ ለውኃ ወፎች ነበር፤ ፔሊካኖች ጫጩት የሚፈለፍሉት በጎረቤቱ የሻላ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ሆኖ፣ ሻላ ዓሣ የለውም ማለት ስለሚቻል፣ ቀለባቸውን የሚያመጡት በሁለቱ መካከል ያለውን ጉብታ ተሻግረው ከአቢጃታ ነበር። ፍላሚንጎ ግን ዓሣ አይፈልግም፣ የሶዳ ውኃ አልጌ ይበቃዋል። እንግዳ መጥቶ ሮዝ የለበሰውን ዳርቻ ፎቶ ያነሳና ሐይቁ ደህና ነው ብሎ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ስለለካን ነው፤ ግን የለካነው በየፕሮጀክቱ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ይመጣል፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይቀዳል፣ መረብ ይጥላል፣ ይመረቃል። ቀጣዩ ሲመጣ መካከል ላይ ያለፉት ዓመታት ባዶ ናቸው። የባቱው የዓሣ ምርምር ማዕከል የክልሉ ነው፣ የሰበታው የፌዴራል፤ ሐይቁ ይህን ክፍፍል አያውቅም።

ከእኛ በጣም የራቀ ምሳሌ ላንሳ። በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ባለው ባሬንትስ ባሕር፣ የኮላ መስመር በሚባለው፣ የውኃው ሙቀት መለካት ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ኖርዌይና ሩሲያ በፖለቲካ እየተቃቃሩም የዓሣ ኮታቸውን አብረው ይወስናሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮም በየዓመቱ መርከብ አሰማርተው ከጥቃቅኑ ነፍሳት እስከ ዓሣ ነባሪው የባሕሩን ሕይወት ይመዘግባሉ። ውኃው ሲሞቅ ኮድ የሚባለው ዓሣ ወደ ሰሜን እንደገፋ የታወቀው መዝገቡ ስላልተቋረጠ ነው። የእነሱ ዓሣ ውኃው ሳይስማማው ሲቀር የሚሄድበት ሰሜን አለው። የአቢጃታ ቆሮሶ መሄጃ አልነበረውም።

አሁን የሚያሳስበኝ ደምበል ነው። አማካይ ጥልቀቱ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ቢሆን ነው። የአበባ እርሻው፣ የባቱ ከተማ የመጠጥ ውኃ፣ የዓሣ አስጋሪው ጀልባ፣ የእኛም ወንዝ ሁሉ በዚሁ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እምቦጭም ገብቶበታል። እዚሁ ቡልቡላ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቷል። ደስ ብሎናል፣ ልጆቻችን ሥራ ይፈልጋሉ። ግን ቲማቲም የሚያቀነባብር ፋብሪካ መጀመሪያ ውኃ ይጠይቃል፤ ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተገኘው ገንዘብ አጠገቡ ላለው ውኃ ጥናት ጥቂት እንኳ ቢተርፍ ምን ነበረበት?

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ከመጪው ሐምሌ ጀምሮ ለባቱና ለሰበታ ማዕከላት በጋራ፣ ፕሮጀክት ሲያልቅ የማይዘጋ መደበኛ በጀት ይያዝ። ወንዙ ከደምበል በሚወጣበት፣ በቡልቡላ ድልድይና በአቢጃታ አፍ በየወሩ የውኃው መጠን፣ ጨዋማነቱ፣ አልጌውና ዓሣው ይመዝገብ፤ ወፎቹም ይቆጠሩ። ለዚህ ቋሚ ባለሙያዎች፣ ጀልባና የማይቋረጥ ነዳጅ ያስፈልጋል። ነዳጁን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ መሣሪያ በእርዳታ ይመጣል፣ ቤንዚን ግን በእርዳታ አይመጣም። ውጤቱም በኦሮምኛና በአማርኛ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይለጠፍልን፤ በበጋው ስንት ሞተር መሥራት እንዳለበት በሽማግሌ ስንነጋገር የምንይዘው ቁጥር ይኑረን።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ቢሉኝ፣ ከፊሉ ከእኛ ከባለሞተሮችና ከትልልቆቹ እርሻዎች ይሰብሰብ፣ በምንስበው ውኃ መጠን። እኔ በበኩሌ እከፍላለሁ። ደረሰኙ ላይ ግን «ለሐይቅ ምርምር» ተብሎ ይጻፍ፣ ገንዘቡም ለሌላ ሥራ አይዙር።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመስኖ አርሶ አደር፣ ቡልቡላ