በክረምት ቀንጥሱ፣ በበጋ ግረዙ
የውጭ አገር የአትክልት መጻሕፍት በሰኔና በሐምሌ መቀስ አንሱ ይላሉ፤ ምክራቸው በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ጓሮዎች የሚሠራው በከፊል ብቻ ነው። በአውሮፓ እነዚህ ወራት ሞቃት ናቸው፤ በእኛ ደጋ ግን ዝናብ የሚበረታባቸው ናቸው። የጠወለገ አበባ የሚቀነጠሰው ተክሉ ጉልበቱን ዘር በመቋጠር ከመጨረስ ይልቅ አዲስ እንቡጥ እንዲያወጣበት ነው። ይህ እዚህም እውነት ስለሆነ ጽጌረዳና ዳሊያ በክረምትም ይቀንጠሱ፤ ረጥቦ የሚቆይ አበባ ግራጫ ሻጋታ ስለሚይዝ ጥቅሙ እንዲያውም እጥፍ ነው። ቅርንጫፍን አሳጥሮ መግረዝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አዲስ ቁስል በእርጥብ አየር ለበሽታ ይጋለጣል። «በአካባቢው ያሉ የጽጌረዳ እርሻዎች ዓመቱን ሙሉ ይቆርጡ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይቆርጣሉ፤ ነገር ግን ተክላቸው በፕላስቲክ ቤት ከዝናብ ተጠልሎ፣ የሻጋታ መከላከያ እየተረጨለት ነው። የጓሮ አበባ ይህ ሁሉ የለውም። ዝናቡ ካባራ በኋላም ቢሆን ቦታ ይለያያል፦ ዝቅ ባለችው ሰበታ በጥቅምት መግረዝ ይቻላል፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ባለችው ሱሉልታ ግን ከጥቅምት ጀምሮ የሚወርደው ውርጭ ለጋውን ቀንበጥ ስለሚያቃጥል እስከ ጥር መጨረሻ መታገሥ ይሻላል። አደይ አበባን ደግሞ ጨርሶ አትንኳት፤ የአንድ ዓመት ተክል ናትና ዘሯን ካላራገፈች ለቀጣዩ መስከረም አትደርስም። መቀስ የምታነሱ ሁሉ፣ መጽሐፉን ከማመናችሁ በፊት የሰፈራችሁን ዝናብና ውርጭ አጥኑ።