ፍሪድማንን አንርሳ

ዓለም እየሰፋ መሄዱን ያገኘው ማን ነው ተብለን ብንጠየቅ፥ አብዛኞቻችን ሳናመነታ አሜሪካዊው ኤድዊን ሀብል ነው እንላለን። የሀብልን ድካም ማቃለል አይገባም። ይሁን እንጂ ነገሩ በመነጽር ከመታየቱ በፊት በወረቀት ላይ በሒሳብ ተሠርቶ ስለ ነበር፥ የመጀመሪያው ምስጋና ለሒሳቡ ሠሪ ሊሰጥ ይገባል እላለሁ።

አልበርት አይንሽታይን በ1915 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ስለ ስበት ያወጣውን ቀመር በ1917 በመላው ጠፈር ላይ ሞከረው። ቀመሩ ግን ጠፈር ሳይሰፋና ሳይጠብ ጸንቶ እንዲኖር አልፈቀደለትም። በዚያን ጊዜ ደግሞ የዓለምን ጸንቶ መኖር የሚጠራጠር ሊቅ አልነበረም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ስበቱን የሚቋቋም አንድ ቁጥር በቀመሩ ላይ ጨመረ። መልሱን አስቀድሞ አይቶ ስሌቱን ወደ መልሱ የሚጐትት ተማሪ በእኛም ክፍል አይጠፋም!

በፔትሮግራድ ይኖር የነበረው አሌክሳንደር ፍሪድማን ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ይህ ሰው የአየር ጠባይ መርማሪም ነበር። የጠፈሩን ስፋት ከጊዜ ጋራ የሚለዋወጥ ቁጥር አድርጎ አሰበው። በ1922 ባሳተመው ጽሑፍም፥ እንደ ቁስ አካሉ ብዛትና እንደዚያ እንደ ተጨመረው ቁጥር መጠን፥ ጠፈር ያለማቋረጥ ሊሰፋ፥ ወይም ሰፍቶ ተመልሶ ሊሰበሰብ እንደሚችል አሳየ።

አይንሽታይን በዚያው ዓመት ስሌቱ ትክክል አይደለም የሚል አጭር ማስታወሻ አወጣ። ፍሪድማን ስሌቱን ዘርዝሮ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ሊቁ ግን በጃፓን አገር ጉዞ ላይ ነበር። በ1923 የፍሪድማን ባልንጀራ ክሩትኮቭ በሆላንድ፥ በላይደን ከተማ አግኝቶ ነገሩን አስረዳው። አይንሽታይንም የተሳሳተው እርሱ ራሱ መሆኑን በዚያው መጽሔት ላይ አሳተመ። ዝናው ዓለምን የመላ ሰው እንዲህ በአደባባይ ማመኑ ያስመሰግነዋል። ቢሆንም ስሌቱን ተቀበለ እንጂ እውነተኛው ዓለም እንዲህ ነው ብሎ አልተቀበለም።

በ1927 የቤልጂክ ቄስ ዦርዥ ለሜትር የፍሪድማንን ሥራ ሳያውቅ ወደዚሁ ውጤት ደረሰ። ከዚያም አልፎ፥ አሜሪካዊው ስላይፈር ከለካቸው ፍጥነቶች ጋራ አገናኝቶ፥ ጋላክሲዎች በራቁን መጠን የመሸሻቸው ፍጥነት እንደሚጨምር አሰላ። ሀብል ልኬቱን ያሳተመው ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1929 ነው። በ2018 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ማኅበር ሕጉ በሀብልና በለሜትር ስም እንዲጠራ በድምፅ ወሰነ። ለለሜትር ደስ ይለኛል፤ ፍሪድማን ግን ከስሙ ውጭ ቀረ።

ፍሪድማን ኮከብ አልለካም፥ ዓለም በእርግጥ ይሰፋል ብሎም አልደመደመም የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። ዳሩ ግን ቀመሩ ወደሚወስደው ሁሉ ሳይፈራ የተከተለው እርሱ ነው። መምህራኖቻችን ስለ ሀብል ሲያስተምሩን ይህን ስም አብረው በሰሌዳው ላይ ቢጽፉልን እወዳለሁ።

ፍሪድማን በ1925 በባሉን 7,400 ሜትር ወደ ላይ ወጥቶ በሰላም ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት በታይፎይድ በሽታ በ37 ዓመቱ ሞተ። ሀብል ልኬቱን ሲያሳትም ፍሪድማን ካረፈ አራት ዓመት ሊሆነው ነበር።