ገዢው ጆንያውን ሲከፍት

ስንዴ ስንዴ ነው እንላለን። ሮቤ ገበያ ላይ ጆንያችንን አውርደን «ይኸው እህል» ብለን እንቆማለን። ገዢው ግን እጁን ያስገባል። ከጆንያው ሥር ዘግኖ ያወጣል። አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል። ያሸታል። ከዚያ በኋላ ዋጋ ይጠራል። እኛም «ምን አይቶ ነው ያረከሰብኝ?» ብለን እንናደዳለን።

ገዢው ምን አየ? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

እኛም ገዢ ስንሆን እኮ እንዲሁ ነን። ጎባ ገበያ ቅቤ ስትገዙ ከላይ ያለውን ብቻ አይታችሁ ትከፍላላችሁ? ሥሩን ታሸታላችሁ፤ ሙዝ ተደባልቆበት እንዳይሆን ትቀምሳላችሁ። በርበሬ ስትገዙም ክብደት እንዲያነሣ ውሃ ተርከፍክፎበት እንደሆነ ዛላውን ሰብራችሁ ታያላችሁ። እህል ገዢውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በባሌ ደጋ፣ በሲናናም ሆነ በጎሮና በጊኒር በኩል፣ ሁለት ዓይነት ስንዴ ይዘራል። አንዱ የዳቦ ስንዴ ነው። ሁለተኛው ዱረም ይባላል፤ የፓስታና የመኮሮኒ ስንዴ ነው። አገራችን የዱረም ስንዴ የጥንት አገር ናት። ሆኖም ፓስታ ፋብሪካዎቻችን ለብዙ ዓመታት ዱረሙን በውጭ ምንዛሪ ሲያስመጡ፣ ወይም ፓስታውን በዳቦ ስንዴ ዱቄት ሲሠሩ ኖረዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ ግን የእኛው ጆንያ ነው፤ ዱረሙና የዳቦ ስንዴው ተደባልቆ ይመጣ ነበር።

ፓስታ ሲቀቀል ያያችሁ ታውቃላችሁ። ደህናው ሳይፈርስ ይበስላል። መጥፎው ይልፈሰፈስና እንደ ገንፎ ይሆናል። ሳይፈርስ እንዲበስል ስንዴው ጠንካራ፣ ፕሮቲኑም በቂ መሆን አለበት። ፕሮቲን ሰውነትን የሚገነባው የምግብ ክፍል ነው፤ ሊጡን እንደ ጅማት አያይዞ የሚይዘውም እርሱ ነው። ፋብሪካው ከመቶ 13 እጅ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ቢያገኝ ደስ ይለዋል።

ይህን ለማወቅ ፋብሪካው መሣሪያ አለው። እኛ ደግሞ ምላጭ አለን። መቶ ፍሬ ቁጠሩ። አንድ በአንድ ከመሐል ሰንጥቁ። ውስጡ እንደ መስታወት የሚያበራው ጥሩ ነው። ውስጡ እንደ ኖራ የነጣው ፕሮቲኑ ያነሰ ነው። ስንቱ እንደነጣ ጻፉ። ማሳው ማዳበሪያ ሲያንሰው ነጩ ይበዛል። የደረሰ እህል በዝናብ ሲመታም መልኩ ይለቃል፣ ይነጣል። በባሌ ደጋ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚታጨድና የመጀመሪያው መከር ከሐምሌና ከነሐሴ ዝናብ ጋር ስለሚጋጠም፣ ይህ ጉዳት ለእኛ እንግዳ አይደለም።

አሁን ደግሞ ወደ ገብስ እንሂድ። ነገሩ እዚህ ይገለበጣል።

ጠላ የምትጠምቅ ሴት ብቅል ምን እንደሆነ ታውቃለች። ገብሱን ትዘፈዝፋለች፣ ታበቅላለች፣ ታደርቃለች። ያልበቀለ ገብስ ብቅል አይሆናትም። የአሰላ ብቅል ፋብሪካም ሥራው ይኸው ነው፤ ብዛቱና መሣሪያው ይለያል እንጂ። ስለዚህ የቢራ ገብስ ገዢ ሕይወት ያለው ፍሬ ይፈልጋል። ከመቶው ፍሬ 95 ያህሉ ካልበቀለ ፊቱን ያዞራል። ሳይደርቅ ተከምሮ የሞቀ ገብስ ይሞታል። ሲወቃ የተሰበረም አይበቅልም። ፕሮቲንም ቢሆን እዚህ ሲበዛ ጥፋት ነው፤ ቢራውን ያደፈርሳል። የብቅል ፋብሪካ ከመቶ ከ9 እስከ 11 ተኩል እጅ ያለውን ይመርጣል።

ልብ በሉ! ጎረቤታሞች ናችሁ እንበል። አንዱ ዱረም፣ ሌላው የቢራ ገብስ ዘርቷል። ዱረሙ ሊያሸት ሲል ዩሪያ ቢጨመርለት ፕሮቲኑ ከፍ ይላል፤ ገዢው ይወደዋል። ባለገብሱ ጎረቤቱን አይቶ እንዲሁ ቢያደርግ በገዛ ገንዘቡ እህሉን አስጠላ ማለት ነው። ሁለቱም ጎበዝ ገበሬዎች ናቸው። ገዢያቸው ግን የተለያየ ነው።

ገብሱ ይበቅል እንደሆነ በቤት መፈተን ይቻላል። መቶ ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። በአራተኛው ቀን ፈታችሁ ቁጠሩ። ከታጨደ ጥቂት ቀን ብቻ የሆነው ገብስ ግን ገና ስላልነቃ ላይበቅል ይችላል። ሳምንታት ሰጥታችሁ እንደገና ሞክሩ።

«ይህን ሁሉ ደክሜ ነጋዴው ለንጹሑም ለተደባለቀውም አንድ ዋጋ ቢሰጠኝስ?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ለጥራት የማይከፍል ገዢ ጥራት አያገኝም፤ ገበሬውም አይወቀስም። አምስት ኩንታል ብቻ ይዞ የቆመ ሰው ደግሞ ለፋብሪካው አይታየውም። ከሮቤ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፋብሪካው የሚፈልገው አንድ ዓይነት እህል የሞላበት መኪና ነው። ለመጥፎውም ለደህናውም ጭነት የሚከፈለው ኪራይ እኩል ነው።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በጣሊያን መንግሥት እርዳታ በባሌ የተጀመረው የዱረም ሥራ መንገዱን በዚህ በኩል ነው የያዘው። ገበሬዎቹ ተስማምተው አንድ ዓይነት ዘር ይዘራሉ። የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዘሮች ኤጀርሳና ባካልቻ ይገኙበታል፤ በኦሮምኛ አንዱ ወይራ፣ አንዱ የንጋት ኮከብ ማለት ነው። እህሉ በማኅበር ይሰበሰባል። ከዚያ ሮቤ እንዳለው እንደ ኦዳ ሮባ ባሉ ዩኒየኖች በኩል ፋብሪካው ከገበሬው ጋር ይዋዋላል።

ውል ስንል ግን የፋብሪካውንም ጭንቀት እንይ። ገበሬው ተዋውሎ ሳለ ዋጋ ሲወደድ እህሉን ሌሊት ለሌላ ቢሸጥ፣ ፋብሪካው መሣሪያውን ያቆማል። በሚቀጥለው ዓመት የዚያን ቀበሌ ስም ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ፋብሪካውም በበኩሉ በቀኑ ሳይከፍል ቢቀር ገበሬው እንዲሁ ያደርገዋል። ስለዚህ ውሉ ላይ ጣት ከማሳረፍ በፊት አንብቡት። አሁን ታነባላችሁ። ዋጋው ቁርጥ ነው ወይስ ከገበያው ጋር ይሄዳል? ገንዘቡ በስንት ቀን ይከፈላል? እህሉ ከተመለሰ የመኪናውን ኪራይ ማን ይችላል? ይህ ካልተጻፈ ይጻፍልን በሉ።

ስለ ኮምባይነርም አንድ ነገር። ተከራይታችሁት ወደ ዱረማችሁ ሲገባ ሆዱ ውስጥ የጎረቤት የዳቦ ስንዴ ይዞ ይመጣል። ሳይጀምር አራግፈህ ጥረግ በሉት። ከዚያም በኋላ የሚወጣውን የመጀመሪያ ጆንያ ለብቻው አኑሩት፤ ለቤት ዳቦ ይሆናል።

እህሉ ሲመዘንም የሚሰጣችሁን ወረቀት አትጣሉ። ከክብደቱ ሌላ «እርጥበት» የሚል ቃል ካለበት አጠገቡ ያለውን ቁጥር እዩ። አብዛኛው ገዢ ከመቶ ከ13 እጅ በላይ ሲሆን አይወድም፤ እንዲህ ያለ እህል በመጋዘን ይሻግታል። ቁጥሩ 15 ከሆነ ሸራ አንጥፋችሁ አስጡት፤ ሌላ ቀን መልሳችሁ አምጡት።