ተረት እኮ ነው!

ባለፈው ወር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ተሸክሞ ቤቴ ድረስ መጣ። ኸርበርት ዋይዝና ፊሊስ ፍሬዘር አሰባስበውት በ1944 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ የአስፈሪና የመናፍስት ታሪኮች መድበል ነው። ከ1000 ገጽ በላይ፣ ከ50 በላይ አጫጭር ታሪኮች። ኤድጋር አለን ፖ አለበት፤ ዲክንስ አለበት፤ ሞፓሳን አለበት፤ ፎክነር ሳይቀር አለበት። «መምህር፣ ከዚህ ውስጥ አሥራ ሁለቱን መርጬ ተርጉሜያለሁ። መግቢያውን እርስዎ ይጻፉልኝ» አለኝ። ማስተማር ካቆመ የቆየ ሰው እንዲህ ዓይነት ልመና ሲመጣለት ምን ይላል? እሺ አልኩ።

ሁለት ሳምንት አነበብኩ። አልዋሽም፣ ፈራሁ። በዚህ ዕድሜዬ መብራት ሳላጠፋ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ስለዚህ «አስፈሪ ታሪክ የሥራ ፈት ንባብ ነው» እያሉ አፍንጫቸውን ከሚነፉት ምሁራን ወገን እንዳልሆንኩ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ፍርሃት ቀልድ አይደለም። ሰው የሚፈራውን ንገረኝና ማን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

ለምሳሌ የእንግሊዛዊውን ደብልዩ ደብልዩ ጄኮብስን «የጦጣ እጅ» እንውሰድ። በ1902 እ.ኤ.አ. የወጣ ታሪክ ነው። አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት አሮጊትና አንድ ልጃቸው አሉ። ሦስት ምኞት ይፈጽማል የተባለ የደረቀ የጦጣ እጅ ከእንግዳ ያገኛሉ። አባትየው 200 ፓውንድ ይመኛል። በማግስቱ ልጁ ከሚሠራበት ፋብሪካ አንድ ሰው ይመጣና ልጃችሁን ማሽን በላው ይላቸዋል። ድርጅቱ ኃላፊነት የለበትም፤ ነገር ግን ልጃችሁ ስላገለገለን ይህን ተቀበሉ ይላል። ስንት? 200 ፓውንድ። ከዚያ በኋላ እናትየው ልጇ ከመቃብር እንዲመለስ ታስመኛለች፤ በሌሊትም በር ይንኳኳል። ተማሪዬ በጣም የፈራው ሌሊት የተንኳኳውን በር ነው። እኔ ግን የፈራሁት ቀን የመጣውን፣ ልብሱ ያማረውን፣ ንግግሩ የተመረጠውን ሰውዬ ነው።

በነገራችን ላይ ልጁ የትርጉሙን ርዕስ «የሽብር ታሪኮች» ሊለው ነበር። ተው፣ ያ ቃል በዚህ አገር ባለቤት አለው አልኩት። በቀይ ሽብር ዘመን የልጃቸውን ሬሳ ለማንሳት የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ወላጆች ባሉበት አገር፣ የልጅ ነፍስ በገንዘብ ሲተመን ምን እንደሚመስል ጄኮብስ አይነግረንም። ነገር ግን እሱም በራሱ ቤት፣ በራሱ መንደር ሰው የሚገድለውን ነገር አይቶ ጽፏል። ጥሩ አስፈሪ ታሪክ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

አሁን ወደ ጠቡ ልግባ። ተማሪዬ ከመረጣቸው ውስጥ የአሜሪካዊው ኤድዋርድ ሉካስ ኋይት «ሉኩንዱ» አለ። በ1925 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። አንድ ነጭ አሳሽ አፍሪካ ጫካ ውስጥ አንድን አዋቂ ያዋርዳል። ከዚያ ሰውነቱ ላይ እባጭ ይወጣል። እባጩ ሲፈነዳ ከውስጡ ብቅ የሚለው ምንድን ነው? ትንሽ፣ የሚናገር፣ የጥቁር ሰው ራስ። ሰውዬው በምላጭ ይቆርጠዋል፤ ሌላ ይበቅላል። ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ታሪኩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። አሳሹ ሊሞት ሲል እርግማኑ ከውጭ የመጣበት ሳይሆን ከራሱ ከውስጡ የበቀለ መሆኑን ያምናል። ጎሽ! ግን አስተውሉ። ነጩ ሰውዬ ኃጢአቱ የራሱ መሆኑን ተናዞ ይሞታል፤ ኃጢአቱ ሥጋ ሲለብስ ግን መልኩ የእኔ ነው።

ስልክ ደወልኩለትና ይህን ነገርኩት። ሳቀ። «መምህር፣ ተረት እኮ ነው!» አለኝ።

ይቺን ቃል ሌላ ሰው ቢናገራት አልፋት ነበር። ነገር ግን እኔ ራሴ ብያታለሁ።

ያደግኩት ደብረ ታቦር አካባቢ ነው። ማታ ማታ እሳት ዳር አያቴ ስለ ቡዳ ታወራልን ነበር። ቡዳው ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ነው። አንድ አዳኝ ጅብ ገድሎ ቢያየው ጆሮው ላይ ጉትቻ አገኘ፤ ለካ የጎረቤቱ ጠይብ ነው። ይህን ተረት ያልሰማ የሰሜን ሰው ያለ አይመስለኝም። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ እኔም በተራዬ ለክፍል ጓደኞቼ አወራሁት። አወራር እችልበት ነበር። ግን ጉትቻው በሁሉም አፍ ያለ፣ ያረጀ ነገር ሆነብኝና ለወጥኩት። ጅቡን አንካሳ አደረግኩት። አብሮኝ አንድ ዴስክ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ነበር፤ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነው። አባቱ በግራ እግሩ ያነክሳል።

ልጆቹ በፍርሃትም በደስታም ጮኹ። በሕይወቴ ያገኘሁት የመጀመሪያው የደራሲ ጭብጨባ እሱ ነበር። በማግስቱ ያንን ልጅ ቆሎ የሚያካፍለው ጠፋ። በሳምንቱ ከእኔ አጠገብ ያለው ቦታ ባዶ ሆነ። ትምህርት ቤቱን ተወ። የት እንደደረሰ አላውቅም። ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ «ተጨባጭ ዝርዝር ታሪክን ተአማኒ ያደርጋል» የሚለውን ተማርኩ፤ ቆይቼም ራሴ አስተማርኩት። ባስተማርኩት ቁጥር ያ አንካሳ ጅብ በክፍሉ ውስጥ ያልፋል።

ስለዚህ «ተረት እኮ ነው» አትበሉኝ። ብረት ቀጥቃጩ ማረሻ ሠርቶ ይሰጠናል፤ በእሱ አርሰን እንበላለን። ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ ትሰጠናለች፤ በእሱ ጋግረን እንበላለን። ሲመሽ ደግሞ «ጅብ ናቸው» እንላለን። በዚህ ተረት የተነሳ ስንት ጋብቻ ፈረሰ? ስንት እናት የሕፃኗን ፊት ከገዛ ጎረቤቷ ሸፈነች? አፄ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ ካስነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ እሳት ዳር የሚወራውን ተረት ማን ይከልክል? የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን ወንዱ ብረት እየቀጠቀጠ፣ ሴቷ ሸክላ እየሠራች ይህን ተረት ለዘመናት ተሸክመውት ኖረዋል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከሁለት ቀን ባነሰ ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ሰዎቹ ሄዱ፤ ተረቱ እዚሁ ቀረ።

«ሉኩንዱ»ን ሳነብ የደነገጥኩት ለዚህ ነው። የተሰደበው አፍሪካዊ ነኝ ብዬ ብቻ አልተቆጣሁም። አሠራሩን አወቅሁት። የኋይት አሠራርና የእኔ የሦስተኛ ክፍል አሠራር አንድ ነው፤ ፍርሃቱ የእኛ፣ ፊቱ የጎረቤት።

ሁለት መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። አንደኛው «ታዲያ ይከልከል ልትል ነው?» የሚል ነው። በፍጹም! ሳንሱር ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ጅብን ከመጽሐፍ ማባረር ከጫካ አያባርረውም። ሁለተኛው «የዘመኑ ሰው ነው፣ ያኔ ሁሉም እንዲህ ነበር» የሚል ነው። ይህ ግን ስንፍና ነው። እዚያው መድበል ውስጥ የኤች ጂ ዌልስ «ፖሎክና የፖሮው ሰው» አለ። ከ«ሉኩንዱ» 30 ዓመት ቀድሞ፣ በ1895 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። እዚያም አፍሪካ አለ፤ እዚያም ነጭ ሰው ላይ የሚከታተለው የጥቁር ሰው ራስ አለ። ልዩነቱ ፖሎክ ያንን ሰው በገንዘቡ ያስገደለው ራሱ መሆኑ ነው። ያስገደለው ሰው ራስ እንግሊዝ አገር ድረስ ይከተለዋል፤ በመጨረሻ በገዛ እጁ ይሞታል። ዌልስም ቢሆን ለፖሮው ሰው አንደበት አልሰጠውም። ነገር ግን ደሙ በማን እጅ እንዳለ ያውቃል። ስለዚህ ዘመኑ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም። ዓይን ያለው ያኔም ያይ ነበር።

የእኛ ደራስያንስ? በየመንደሩ ጅብ፣ ቡዳ፣ ዛር፣ ሟርት ሞልቶልን ሳለ ስለ ፍርሃት ስንጽፍ ሁልጊዜ ከፈሪው ጋር እሳት ዳር ነው የምንቀመጠው። ጅብ ነህ ከተባለው ሰው ቤት ገብቶ የሚያድር የለም። በዚያ ቤት ማታ በር ሲንኳኳ ምን ዓይነት ፍርሃት እንዳለ አስቡት። ጦጣም እጇም አያስፈልግም።

ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። መግቢያውን እጽፋለሁ። «ሉኩንዱ»ንም እንዳታወጣው፤ ከዌልሱ ታሪክ አጠገብ አስቀምጠውና አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ነገር ግን አሥራ ሦስተኛ ታሪክ ጨምርበት፤ ከጠይቡ ቤት ውስጥ ሆኖ የተጻፈ። «ማን ይጻፈው መምህር?» አለኝ።

ዕዳው የማን እንደሆነ ግልጽ ነውና ጀምሬዋለሁ። አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ይመለሳል። አባቱ ወናፉን እየነፋ ነው። ልጁ ደብተሩን ሳያስቀምጥ በር ላይ ቆሞ የአባቱን ግራ እግር እያየ ይጠይቃል፤ «አባዬ፣ ሌሊት ሌሊት የት ነው የምትሄደው?»

አባትየው ምን ብሎ እንደሚመልስለት እስካሁን መጻፍ አልቻልኩም።